ሮሊንግ ኮል፦ ሆን ተብሎ የሚለቀቅ የናፍጣ ጭስና የአሜሪካ ምላሽ

ሮሊንግ ኮል በአሜሪካ አንዳንድ የናፍጣ ፒካፕ ባለቤቶች ሞተራቸውን አስቀይረው፣ በፈለጉት ሰዓት ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ጭስ እንዲለቅ የሚያደርጉበት ልማድ ነው። መነሻው ትራክተሮችና ፒካፖች ከባድ ጭነት እየጎተቱ የሚፎካከሩበት የገጠር ውድድር ሲሆን፣ በዚያ ሜዳ ለተጨማሪ ጉልበት ሲባል ብዙ ነዳጅ ወደ ሞተሩ ስለሚገባ ጭሱ የኃይል ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። ልማዱ ወደ ሕዝብ መንገድ ሲወጣ ግን ጭሱ ራሱ ዓላማ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 ገደማ ቪዲዮዎቹ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዛመቱ፣ ጭሱ ይለቀቅባቸው የነበሩት ብስክሌተኞች፣ እግረኞች፣ ሰልፈኞችና እንደ ቶዮታ ፕሪየስ ያሉ ነዳጅ ቆጣቢ መኪኖችን የሚነዱ ሰዎች ነበሩ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በአሜሪካ ከ2007 ወዲህ የተሠሩ የናፍጣ ፒካፖች ጥላሸት የሚያስቀር ማጣሪያ አላቸው። ጭስ የፈለገ ሰው ማጣሪያውን አስፈትቶ በቦታው ባዶ ቧንቧ ያስገጥማል፤ ከዚያም ቱነር የሚባል በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ከመሪው በታች ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ይለውጣል። ከዚህ በኋላ ነጂው ነዳጅ ሲረግጥ ኢንጀክተሮቹ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ሊያቃጥለው ከሚችለው በላይ ናፍጣ ይረጫሉ፤ በቅጡ ያልተቃጠለውም ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ያረጀ አይሱዙ ዳገት ላይ የሚያጨሰው ከእርጅናና ከጥገና ጉድለት የተነሳ ነው፤ ባለቤቱም አቅም ቢኖረው ቢያስጠግነው ይወዳል። እዚህ የሚወራው ግን ጤነኛ ሞተር ገንዘብ ተከፍሎበት እንዲታመም መደረጉ ነው፤ ጉዳዩን ከተራ የአየር ብክለት የሚለየውም ይኸው ሆን ተብሎ መፈጸሙ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2020 ባወጣው ሪፖርት በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒካፖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው እንደተነቀለ ወይም ከጥቅም ውጭ እንደተደረገ ገምቷል። እነዚህ መኪኖች በዕድሜ ዘመናቸው የሚለቁት ትርፍ ናይትሮጅን ኦክሳይድ (ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ) ከ570,000 ቶን እንደሚበልጥም አስልቷል። ከእነዚህ ባለቤቶች ብዙዎቹ ያስነቀሉት ሰው ላይ ለማጨስ ሳይሆን ለጉልበትና የጥገና ወጪን ለመሸሽ ነው። ስለዚህ ዓይን የሚስበው ጥቁር ጭስ የአንድ ሰፊ ንግድ ጫፍ ብቻ ነው፤ ምላሹም ከነጂው ይልቅ መሣሪያውን በሚሠራውና በሚሸጠው ላይ መበርታት አለበት።

የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያን መንቀልንም ሆነ ለዚህ የሚውል መሣሪያ መሸጥን ይከለክላል። ኒው ጀርሲ በ2015፣ ኮሎራዶና ሜሪላንድ ደግሞ በ2017 የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። የኮሎራዶው ቅጣት 100 ዶላር ነው፤ ለለውጡ ከዚያ ብዙ እጥፍ ላወጣ ሰው ይህ ምንም አይደለም፣ ፖሊስም ድርጊቱን በዓይኑ ካላየ ማስረጃ ማግኘት ይቸግረዋል። በዩታ ግን የሐኪሞች ማኅበር በቴሌቪዥን የታወቁ የፒካፕ ነጋዴዎችን ከሶ፣ በ2020 የፌዴራል ፍርድ ቤት ወደ 850,000 ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ጣለባቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2021 ውሳኔውን በከፊል አጽንቶ ቅጣቱ እንደገና እንዲታይ ቢመልሰውም፣ መንግሥት ዝም ሲል ዜጎች ራሳቸው መክሰስ እንደሚችሉ ጉዳዩ አሳይቷል። አምራቾችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም፤ ለራም ፒካፖች ሞተር የሚያቀርበው ከሚንስ የጭስ ፈተናን የሚያታልል ፕሮግራም ጭኗል በሚል ክስ በ2023 መጨረሻ 1.675 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

የልማዱ ደጋፊዎች መኪናው የግል ንብረታቸው እንደሆነና ውድድርም መብታቸው እንደሆነ ይከራከራሉ። በተዘጋ ሜዳ ብቻ የሚሮጥ መኪና የተለየ ሕግ ይኑረው ማለት ሊያነጋግር የሚገባ ሐሳብ ነው። ሰው ፊት ላይ ጭስ መልቀቅ ግን በምንም መንገድ የንብረት መብት ሊሆን አይችልም። በመስከረም 2021 በቴክሳስ ዋለር ከተማ አቅራቢያ የ16 ዓመት ልጅ ልምምድ ላይ የነበሩ ስድስት ብስክሌተኞችን በፒካፕ ገጨ፤ የዓይን እማኞች ከዚያ በፊት ጭስ ሲለቅባቸው እንደነበር ተናገሩ። ፖሊስ መጀመሪያ ሳያስረው በመልቀቁ ቁጣ ተነሣ፤ ከሳምንታት በኋላ ግን በከባድ የአካል ጥቃት ተከሰሰ። በሰው ላይ የሚነጣጠር ጭስ አደጋ እስኪያደርስ ሳይጠበቅ በትራፊክ ጥፋትነት ሳይሆን በጥቃትነት መታየት ነበረበት።

ከሁሉም ይልቅ ውጤት የሚኖረው የምርመራ ሥርዓት ነው፤ ብዙ ክፍላተ ሀገር ግን የናፍጣ ፒካፖችን ጭስ ፈጽሞ አይመረምሩም። ካሊፎርኒያ ከ1998 ወዲህ የተሠሩ የናፍጣ መኪኖችን ትመረምራለች፤ ከሐምሌ 2021 ጀምሮም መርማሪው የሞተሩን ኮምፒውተር አንብቦ ያልተፈቀደ ፕሮግራም ካገኘ መኪናው ይወድቃል። ባለቤቱ የአምራቹን ፕሮግራም አስመልሶ ምርመራውን ካላለፈ በስተቀር ምዝገባውን ማደስ አይችልም።