ሶማሌ ተራና ያገለገለ የመኪና ዕቃ ገበያ በአዲስ አበባ

ሶማሌ ተራ በመርካቶ፣ ከተክለ ሃይማኖት በኩል የሚገኝ የመኪና መለዋወጫ ገበያ ነው። አዲስም አሮጌም ዕቃ ይሸጥበታል፤ ስሙን ያገነነው ግን አሮጌው ነው። ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ብዙ ዘመን ያለፈው የኮሮላ ዲኤክስ የኋላ መብራት፣ የቪትዝ የበር እጀታ፣ የአይሱዙ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እዚህ ይፈለጋል። ባለሱቁ ጋ ባይኖር እንኳ ልጅ ልኮ ከጎረቤት ያስመጣል፤ ደንበኛ ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት እንደ ሽንፈት ይቆጠራል።

ስያሜው ቀድሞ በአካባቢው ይኖሩና ይነግዱ ከነበሩ የሶማሌ ተወላጆች እንደመጣ ይነገራል። መርካቶ ራሱ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በመደረጉ የተመሠረተ ነው። መኪና አዲስ አበባን ያየችው ከዚያ ብዙ ቀድማ፣ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ስትመጣ ነበር።

ጣሊያን ለቆ ቢወጣም ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል። የአገራችን መካኒክ ቋንቋ ዛሬም ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉሙን ላጤነው ደግሞ ያዝናናል። ካንዴላ (ነዳጁን በሞተር ውስጥ የሚያቀጣጥለው) በጣሊያንኛ ሻማ ነው። ማርሚታ (የጭስ መውጫው ድምፅ ማፈኛ) ድስት፣ ፍሬቻ (የመታጠፊያ መብራት) ቀስት፣ ስፖኪዮ (የኋላ ማያው) መስታወት፣ ፍሪሲዮን (ክላች) ፍትጊያ፣ ካምቢዮ ለውጥ ማለት ነው። ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ትንሽ ትራስ ሲሆን ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት) ደግሞ የጥንቱ ወታደር ቀስት የሚወረውርበት መሣሪያ ነበር። ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ ቴስታታ፣ ኮፋኖ (የሞተር ክዳን) ሁሉም ከዚያው ናቸው። መኪናው ጃፓን ተሠርቶ በዱባይ በኩል ቢገባም ሶማሌ ተራ ሲደርስ የጣሊያን ስም ይሰጠዋል። ዕቃ ገዢ እነዚህን ቃላት ማወቁ ከገንዘብ ያላነሰ ይጠቅመዋል፤ «ያ ክቡ ነገር» ብሎ የጠየቀ ሰው ዋጋው ወዲያው ይጨምርበታል።

በደርግ ዘመን ላዳ በብዛት ገባች። ከዚያ ወዲህ መንገዱን የያዘው ቶዮታ ነው።

ብዙ ጊዜ «መኪናዬን ራሴ ነው የማሠራው» የሚል ሰው መፍቻ ይይዛል ማለት አይደለም። ዕቃውን ራሱ መርጦ ይገዛል፣ ከመካኒኩ አጠገብ ቆሞ ያስገጥማል፣ የተፈታውን አሮጌ ዕቃም ይዞ ይሄዳል። ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ ካንዴላ ፈቶ ማጽዳት፣ የባትሪ ጫፍ መጥረግ የመሳሰለውን ግን ግቢው ውስጥ የሚሠራ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር መቀላቀያ) ያላት አሮጌ መኪና ቤንዚን ይበዛባትና ካንዴላዋ ቶሎ ይጠቁራል። ይህን የማያውቅ ሰው ደህና ካንዴላ ይጥላል።

በገበያው የሚሠራበት ደንብ ያልተጻፈ ቢሆንም የታወቀ ነው። ገዢው የተበላሸውን ዕቃ ለናሙና ይዞ ይሄዳል፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥርም ይጽፋል፤ ምክንያቱም የአንድ ሞዴል መኪኖች እንኳ በዓመተ ምርት ይለያያሉ። ከዚያ የሚጠየቀው «ኦሪጅናል ነው ቻይና?» ነው። ከመኪና የተፈታ የጃፓን ዕቃ ከአዲስ ርካሽ ዕቃ ይሻላል የሚለው እምነት የተስፋፋ ሲሆን ለዲናሞ (ባትሪ ለሚሞላው)፣ ለሞተሪኖ (ሞተር ለሚያስነሳው)፣ ለካምቢዮ፣ ለበርና ለኮፋኖ በአመዛኙ ትክክል ነው። ለፍሬን ሸራ፣ ለቺንጋና ለፊልትሮ ግን በፍጹም አይሠራም፤ እነዚህ አዲስ ይገዛሉ። ዲናሞና ሞተሪኖ እዚያው ተሞክሮ ይወሰዳል። የተሸጠ የኤሌክትሪክ ዕቃ መመለስ ስለሚያከራክር ሳይሞክሩ መክፈል ሞኝነት ነው። ጎን ለጎን የሚሄደው ደላላ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ከዋጋው ላይ ስለሆነ መንገዱን የሚያውቅ ገዢ ብቻውን ይገባል።

ስለ ስርቆት ዕቃ የሚወራው ብዙ ነው። ማታ የተነቀለ ስፖኪዮ ጠዋት ሶማሌ ተራ ይገኛል የሚለውን ቀልድ ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ባለመኪናውም መስታወቱ ላይ ታርጋ ቁጥሩን ያስቀርጻል። እንዲህ ያለ ዕቃ አልፎ አልፎ ይገባ ይሆናል። ሆኖም በጥቂቶች ምክንያት፣ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲለይ የኖረ ነጋዴ ሁሉ መታማቱ ግፍ ነው።

ዋጋው ባለፉት ዓመታት ተሰቅሏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ግብር ጣለ። አሮጌ መኪና ማስገባት አላዋጣም፤ ያለውን ጠግኖ መንዳት ግድ ሆነ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋ ዳግም ጨመረ። በዚያው ዓመት መንግሥት ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀሙ መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም ማርሚታም የለውም፤ ስፖኪዮ ግን አለው። ነጋዴዎቹም የኤሌክትሪክ መኪና ዕቃ መነገዱን ከመብራቱ፣ ከመስታወቱና ከበሩ ጀምረዋል።