የደህንነት ካሜራ ዘራፊን በመያዝ ረገድ ያለው ጥቅም

የደህንነት ካሜራ፣ በተለምዶ ሲሲቲቪ የሚባለው፣ በአንድ ቦታ የሚሆነውን እየቀረጸ ለተፈቀደላቸው ሰዎች ብቻ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በጀርመን ፔኔሙንደ የቪ-2 ሮኬት ሲወነጨፍ ከርቀት ለመከታተል አገልግሏል። ያኔ ምስሉ ስለማይቀመጥ ሰው ቁጭ ብሎ ማየት ነበረበት። ለወንጀል ምርመራ የረባ ጥቅም መስጠት የጀመረው ምስሉን በቴፕ፣ ኋላም በሃርድ ዲስክ ማስቀረት ሲቻል ነው። ዛሬም አብዛኛውን ካሜራ በሰዓቱ የሚያየው የለም፤ የሚፈለገው ዘራፊው ከሄደ በኋላ ነው።

ዝርፊያን መከላከልና ዘራፊን ማስያዝ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ግን ተቀላቅለው ይነገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ የ40 ዓመት ጥናቶችን የመረመረ ሥራ ካሜራ በተተከለባቸው ቦታዎች ወንጀል በአማካይ 13 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ቅናሹ ጎልቶ የታየው በመኪና ማቆሚያዎች ሲሆን በኃይል በሚፈጸሙ ወንጀሎች ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አልተገኘም። በምርመራ በኩል ያለው ውጤት ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 በብሪታንያ የባቡር መስመሮች የተመዘገቡ ከ250 ሺህ በላይ ወንጀሎችን የተመለከተ ጥናት፣ ቀረጻ የተገኘው ለ45 በመቶዎቹ እንደነበር፣ ከተገኘላቸው ውስጥም በ65 በመቶዎቹ መርማሪዎቹን እንደጠቀመ ይገልጻል። የቀረው 35 በመቶ ካሜራ ኖሮ ያልረዳበት ነው። ካሜራ የሚተክል ሰው ሊያስብበት የሚገባውም ይሄኛው ቁጥር ነው።

ብዙ ካሜራ “ምን ተደረገ?” ለሚለው ጥያቄ ይመልሳል፤ “ማን አደረገው?” ለሚለው ግን አይመልስም። ልዩነቱን የሚወስነው በአንድ ሜትር ስፋት ላይ የሚያርፈው የፒክሰል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ ብዛት ነው። በአውሮፓ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው መስፈርት ሰው መኖሩን ለማወቅ በሜትር 25 ፒክሰል፣ ቀድሞ የሚታወቅን ሰው ለመለየት 125፣ የማይታወቅን ሰው ማንነት ለማረጋገጥ ደግሞ 250 ፒክሰል ይጠይቃል። ባለ 2 ሜጋፒክሰል ካሜራ ወደ ጎን 1920 ፒክሰል አለው። ለ250 ሲካፈል 7.7 ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ምስሉ ከዚያ በላይ ስፋት ካቀፈ ያልታወቀን ሰው ፊት አያስለይም ማለት ነው። በብዛት የሚሸጠው ባለ 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ 100 ዲግሪ አካባቢ ስለሚያይ፣ ይህ ስፋት የሚሞላው ከካሜራው 3 ሜትር ትንሽ አለፍ ሲባል ነው። ሰፊ ግቢ በአንድ ካሜራ “የተሸፈነ” ሲመስል፣ የሚገኘው ጥቁር ጥላ ከአጥር ዘሎ ሲሮጥ ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ካሜራ ማቀናጀት ነው፤ አንዱ ሰፊውን ሲያይ፣ ባለ 6 ወይም ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ሌላው ሰው ሁሉ የግድ የሚያልፍበትን ጠባብ በር ብቻ ያያል። የበሩ ካሜራ ከ2.2 እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን ፊትን ያገኛል። እንዳይሰረቅ ተብሎ 4 ሜትር ላይ ከተሰቀለ የሚቀርጸው ኮፍያ ነው። ከበሩ ውጪ ፀሐይ ካለች ደግሞ ገቢው ሰው ጠቁሮ ስለሚታይ ብርሃንና ጥላን የሚያመጣጥነውን ደብልዩዲአር የተባለ አሠራር ማብራት ያስፈልጋል።

የሌሊት ቀረጻ የራሱ ጣጣ አለው። ኢንፍራሬድ የተባለውን ለዓይን የማይታይ መብራት የሚጠቀም ካሜራ በጥቁርና ነጭ ስለሚቀርጽ የልብስ ቀለም አይታመንም፤ ጥቁር ጨርቅ ነጣ ብሎ ሊወጣ ይችላል። በጣም የቀረበ ፊት በመብራቱ ነጥቶ ይጠፋል፤ ሌንሱ ፊት ያደራ የሸረሪት ድርም ብርሃኑን መልሶ ምስሉን ያደበዝዛል። ጨለማው ሲበረታ ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ መዝጊያውን ያዘገያል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ሰው መዝጊያው ለአንድ ሃያ አምስተኛ ሰከንድ ክፍት ሲቆይ 20 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ የሰው ፊት ስፋት ደግሞ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ፊቱ ይደበዝዛል። በሩ ላይ አንድ ተራ አምፖል አብርቶ ማደር ውድ ካሜራ ከመግዛት የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

የካሜራዎቹን ምስል የሚያስቀምጠው መቅረጫ ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ በላዩ ይቀርጻል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በቀን 43 ጊጋባይት፣ በ30 ቀን 1.3 ቴራባይት ገደማ ይፈጃል። ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ላይ አራት እንዲህ ያሉ ካሜራዎች ከተገናኙ ቀረጻው አንድ ሳምንት እንኳ አይቆይም። ዲስኩ ተበላሽቶ ለወራት ምንም ሳይቀረጽ መቆየቱ የሚታወቀውም ብዙውን ጊዜ በዝርፊያው ማግስት ነው፤ በየሳምንቱ የአንድ ቀን ቀረጻ ከፍቶ ማየት ይህን ያስቀራል። መቅረጫው ገንዘብ መቀበያው አጠገብ ከተቀመጠ ዘራፊው ይዞት ይሄዳል፤ የሚቆለፍ ሌላ ክፍልና መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ ያሻዋል።

መርማሪ ቀረጻ ሲያገኝ የዝርፊያዋን ደቂቃ ብቻ አይመለከትም። ጭምብል የለበሰ ሰው ከሁለት መንገድ በፊት ፊቱን ገልጦ ሲሄድ፣ ወይም ከቀናት በፊት እንደ ደንበኛ ገብቶ ሲቃኝ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከካሜራ ወደ ካሜራ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይከተለዋል፤ ጫማው፣ የያዘው ቦርሳና አረማመዱ ሰውየውን ያያይዛሉ። በዚህ ሥራ ትልቁ እንቅፋት ሰዓት ነው። አንዱ መቅረጫ 7 ደቂቃ ከቀደመና ሌላው 20 ደቂቃ ከዘገየ መንገዱ ይዘበራረቃል። ቀረጻው ሲወሰድ የመቅረጫውን ሰዓት ከትክክለኛው ጋር አመሳክሮ ልዩነቱን መጻፍ ያስፈልጋል።

ስክሪኑን በስልክ መቅረጽ ለጊዜው ፖሊስን ሊረዳ ቢችልም የምስሉን ጥራት ይገድላል፤ ፍርድ ቤት ሲቀርብም ጥያቄ ያስነሳል። ፋይሉ በመቅረጫው በራሱ የፋይል ዓይነት ወጥቶ፣ ማን መቼ እንደገለበጠውና ለማን እንዳስረከበው ተጽፎ፣ እንዳልተነካካ ለማረጋገጥ የሚያስችል፣ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ የሃሽ ቁጥር ሊወጣለት ይገባል።

ፊቱ ተገኝቶ ስም ሲቀር ምስሉ በአካባቢው ለሚሠሩ ፖሊሶች ይታያል፣ ካልሆነም ለሕዝብ ይለቀቃል። የለንደን ፖሊስ ፊት የመለየት ልዩ ችሎታ ያላቸውን መኮንኖች ለዚሁ ሥራ አሰማርቷል። የፊት መለያ ሶፍትዌር ፈጣን ቢሆንም በደበዘዘ ምስል ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ ፖሊስ ከአንድ ሱቅ ቀረጻ በተገኘ የተሳሳተ ግጥምጥሞሽ ንጹሕ ሰው አስሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረሰ የፍርድ ቤት ስምምነትም ፖሊሱ በሶፍትዌሩ ውጤት ብቻ ተመሥርቶ ማንንም እንዳያስር ተወስኗል።