«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ»፦ ውሻው ለምን ዝም አለ?

ሰሞኑን በሌሊት ተራዬ ላይ፣ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ከጥሪ ተመልሶ የአምቡላንሱን በር እየዘጋ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» ሲል ሰማሁት። የጠሩት አዛውንት ከሦስት ሳምንት በፊት ወድቀው ጉልበታቸው ያበጠ፣ እብጠቱም እየጎደለ የነበረ ሰው ናቸው። እሱ ደርሶ እስኪመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲፈጅበት፣ በሌላ ሰፈር ምጥ የያዛት ሴት መኪና ትጠብቅ ነበር። ብስጭቱ ብስጭቴ ነው፤ ተረቱን ግን ያለቦታው ጠቀሰው።

በእኛ ሥራ እንዲህ ያለውን ጥሪ «ታክሲ» እንለዋለን። በአዲስ አበባ ወደ 907 ወይም ወደ 939 የሚደውል ሁሉ ደም የሚፈሰው ወይም ትንፋሽ ያጠረው አይደለም፤ የሰነበተ ሳል ያለበት፣ ጥርሱን ያመመው፣ ለቀጠሮው መጓጓዣ ያጣም ይደውላል። ደርሰን ሕመምተኛው በጎረቤት መኪና ተወስዶ በሩ ተቆልፎ ስናገኝ ደግሞ በሬዲዮ «ጅቡ ሄዷል» እንላለን። ተረቱ በዚህ መንገድ ወደ መኪናችን ገብቶ፣ አሁን የዘገየውንም፣ በከንቱ የጠራውንም፣ እኛኑም መስደቢያ ሆኗል።

እኔ ያደግሁት ሰሜን ሸዋ፣ ተጉለት ውስጥ ነው። በረታችን በድንጋይ ካብ የታጠረ ሆኖ በካቡ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ይደረደርበት ነበር፤ ጅብ አጥብቆ የሚፈልጋት አህያችን ግን ከጥጆቹ ጋር እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከመደቡ ማዶ ታድራለች። ውሻችን ነብሮ የሚተኛው ከበረቱ መግቢያ አጠገብ፣ ሙቀቱ ባልበረደ የአመድ ክምር ላይ ነው። አያቴ ከመደቡ ሳይነሱ የጩኸቱን ዓይነት ይለያሉ፤ ለመንገደኛ ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥ፣ ለቀበሮ እየራቀ የሚሄድ፣ ለጅብ ግን ወደ በሩ እያፈገፈገ ከጉሮሮው የሚያጉረመርም ነበር። ለይተው ሲያበቁም ከመነሣት አይቀሩም። ከተዳፈነው ምድጃ ትንታግ መዝዘው ይወጣሉ፤ ወደ ጨለማው ጮኸው፣ ካቡን ዞረው አይተው፣ ብርዱን በጋቢያቸው ይዘው ይመለሳሉ። በአብዛኛው የሚያገኙት ነፋስ ያንኮሻኮሸውን እሾህ ወይም መንገድ የሳተች ጃርት ነበር።

አንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ከተነሡ በኋላ፣ «አባባ፣ ይህ ውሻ ውሸታም ነው፤ ለምን አይመቱትም?» አልኳቸው። «በከንቱ ጮኸ ብለህ የመታኸው ውሻ፣ ጅብ ሲመጣ ያስብበታል» አሉኝ።

የአነጋገሩን ትርጉም የተረዳሁት በዚያው ክረምት ነው። እንቅልፍ በነሣው ቁጥር ውሻውን በዱላ የሚመታ ጎረቤት ነበረን። ጉም በሸፈነው አንድ ሌሊት ጅብ ካቡን ዘሎ፣ ያን ቀን ደጅ ያደረችውን አህያውን ገደለ። ውሻው ከጎተራው ሥር ተኝቶ ድምፁን አላሰማም፤ መጮህ የጀመረው ጅቡ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ነበር። ጠዋት ስንሄድ ካቡ ላይ ደም የነካው ግራጫ ፀጉር ተጣብቆ ነበር፤ ውሻውም ባዶውን መንገድ እያየ ይጮኻል። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ተረቱን እየደጋገመ ውሻውን ሲረግም፣ አያቴ የሚመለከቱት በሩ ላይ የተደገፈውን ዱላ ነበር።

ይህ ተረት እንዲህ ካለ ግቢ የወጣ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃዬም ራሱ ቃሉ ነው። ጅቡ መሄዱን ያወቀ ውሻ፣ መምጣቱንም አውቋል። እንቅልፍ ጥሎት ቢሆን ኖሮ ተረቱ የተኛ ውሻ ባለን ነበር። ስለዚህ የሚወቀሰው መዘግየቱ ሳይሆን እያወቀ ዝም ማለቱ ነው። ብዙዎች ዝምታውን ፍርሃት ብለው ይተረጉሙታል፤ ልክ ናቸው፣ ግን ግማሹን ነው የተናገሩት። ጅብን ብቻ የሚፈራ ውሻ ወደ ጌታው በር እየሸሸ ይጮኻል። ጅቡንም ጌታውንም የሚፈራው ነው ከጎተራ ሥር የሚቀረው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎሕ ሲቀድ የደወለች አንዲት ሴት ይህን ሐሳቤን አጸናችልኝ። ባለቤቷን ደረቱን ያመመው ከምሽቱ ጀምሮ ነበር፤ ላቡ ልብሱን አርሶታል፣ ግራ ክንዱንም ማንሣት አልቻለም። አምቡላንሱ ውስጥ ጫማውን ታቅፋ ተቀምጣ፣ ቀደም ሲል ልጇን አተኩሶት ስትደውል «ለዚህ ነው እንዴ የጠራሽን?» ተብላ እንደነበረ፣ ስለዚህም እስኪነጋ ልታገሥ ማለቷን ነገረችኝ። ባለቤቷ ሆስፒታል ሳንደርስ ዐረፈ። ያን ቃል ማን እንደተናገራት አልጠየቅኋትም፤ ከሰለቸኝ ሌሊቶች በአንዱ እኔም ብያት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ባልደረቦቼ ይህን ተረት በደዋይ ላይ ሲጥሉት ዝም አልልም። ጉልበታቸውን ያመማቸው አዛውንት ነፋስ ሰምቶ የጮኸው ነብሮ እንጂ ከጎተራ ሥር የተኛው ውሻ አይደሉም። ሕዝቡም በመንገድ መጨናነቅ ወይም በሌላ ጥሪ ምክንያት በዘገየ አምቡላንስ ላይ ባይጠቀምበት ደግ ነው፤ እያወቅን አልተኛንምና። ሳይዘጋጅ ለተገኘ ሰው «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚል ተረት አለልን፤ ለሁሉም ጥፋት አንዱን ውሻ መጎተት የቋንቋ ስንፍና ነው።

ወጣቱን አዛውንቱን ምን ብሎ እንደተሰናበታቸው ጠየቅሁት። «ሁለተኛ ለእንዲህ ያለ ነገር እንዳይደውሉ ነገርኳቸው» አለኝ። ቁጥራቸውን ከመዝገቡ አውጥተን፣ ሲነጋ አብረን ደወልንላቸው። ለጉልበታቸው በአቅራቢያቸው ያለው ጤና ጣቢያ እንደሚበቃቸው፣ ደረታቸውን ካመማቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን በየትኛውም ሰዓት ማስደወል እንዳለባቸው እርሱ ራሱ ነገራቸው። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታዲያ አትቆጡኝም?» ሲሉ በስልኩ ሰማኋቸው።