የእጅና የእግር ኪንታሮት ምንድን ነው? ቤት ውስጥስ ይጠፋል?

በቅድሚያ እንግባባ። የምናወራው ቆዳ ላይ ስለሚወጣው ኪንታሮት ነው። የፊንጢጣው ሌላ በሽታ ነው፣ እዚያ ያበጠው የደም ሥር ነው። ከታች ከምጽፈው አንዱንም እዚያ እንዳትሞክሩት፣ አደራ።

የቆዳውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ይባላል፣ ባጭሩ ኤች ፒ ቪ። ከ100 በላይ ዓይነት አለው። አዎ፣ ከማህፀን በር ካንሰር ጋር ስሙ የሚነሳው ቫይረስ ቤተሰብ ነው፤ ግን ካንሰሩን በዋናነት የሚያመጡት 16 እና 18 የሚባሉት ዓይነቶች ሲሆኑ ጣትና እግር ላይ ኪንታሮት የሚያወጡት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ጣቱ ላይ አንድ ኪንታሮት ያየ ሰው እንቅልፍ አይጣ።

ቫይረሱ የሚገባው በጭረት፣ በተላጠ ወይም ውሃ ባራሰው ቆዳ በኩል ነው። ጥፍሩን የሚበላ ሰው ጥፍሩ ዙሪያ የሚወጣበትም ለዚህ ነው። ከገባ በኋላ የላይኛው የቆዳ ሽፋን ያለ ልክ እንዲወፍር ያደርጋል። እስኪታይ ድረስ ወራት ሊቆይ ስለሚችል «ከማን ያዘኝ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። እንቁራሪት መንካት ያመጣዋል የሚባለው ግን ተረት ነው።

መልኩ እንደ ቦታው ይለያያል። እጅ ላይ ሻካራና ጉብ ያለ ነው። ፊት ላይ ጠፍጣፋ ወይም ቀጭን ክር መሳይ ሊሆን ይችላል። ውስጥ እግር ላይ ደግሞ የሰውነት ክብደት ስለሚጫነው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ስንራመድም ያማል፣ ብዙ ሰውም በጫማ የደነደነ ቆዳ ይመስለዋል። መለያው ቀላል ነው። የደነደነ ቆዳ ላይ እንደ አሻራ ያሉት መስመሮች አይቋረጡም፤ ኪንታሮት ግን ያቋርጣቸዋል። ላዩን ሲፈገፍጉት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ከታዩም ኪንታሮት የመሆኑ ነገር ያመዝናል።

እነዚያን ነጠብጣቦች ሰዎች «ሥሩ» ይሏቸዋል። ሥር አይደሉም፣ ደም የረጋባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። ኪንታሮት የሚኖረው በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ ብቻ ነው። «ሥሩን ልንቀለው» ብሎ በምላጭ ወይም በመርፌ የሚቆፍር ሰው ጤነኛ ሥጋውን ነው የሚቆፍረው። ይደማል፣ ያመረቅዛል፣ ቫይረሱም በዙሪያው ሊዛመት ይችላል፣ ከዚያ አንዱ ሦስት ሆኖ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኪንታሮት ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። በተለይ ልጆች ላይ ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት፣ ሁለት ሦስተኛው ገደማ በሁለት ዓመት ውስጥ ምንም ሳይደረግለት ይሄዳል። ቫይረሱ ላይ ላዩን ስለሚኖር የሰውነት መከላከያ ቶሎ አያየውም፣ ካየው በኋላ ግን ጠራርጎ ያስወጣዋል። የብዙ የቤት መድኃኒት ዝና የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ሰውየው ነጭ ሽንኩርት ሲያሽበት ከረመ፣ ኪንታሮቱ ሊሄድ ሲል ሄደ፣ ምስጋናውን ነጭ ሽንኩርቱ ወሰደ። የሙዝ ልጣጩም ታሪክ ያው ነው።

ጥሩ ማስረጃ ያለው የቤት ሕክምና አንድ ነው፣ ሳሊሲሊክ አሲድ። ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው ፈሳሽ በአብዛኛው 17 በመቶ ነው፣ ለውስጥ እግር የሚሆነው ፕላስተር ደግሞ እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። ቫይረሱን አይገድልም፤ የደነደነውን ቆዳ እያላላ ሽፋን በሽፋን ያስለቅቃል፣ እግረ መንገዱንም መከላከያችንን የሚቀሰቅስ ይመስላል። አጠቃቀሙ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ማታ ማታ ቦታውን ሞቅ ባለ ውሃ ለ5 ወይም 10 ደቂቃ ዘፍዝፉት። የነጣውንና የሞተውን ቆዳ በሞረድ ወይም በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ፈግፍጉ፣ እስኪደማ ግን አይደለም። ያንን ሞረድ ለጥፍራችሁም ለሌላ ሰውም እንዳትጠቀሙበት። በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ቆዳ ቫዝሊን ቀቡ፣ መድኃኒቱን ኪንታሮቱ ላይ ብቻ አድርጉ፣ ይድረቅ፣ በፕላስተር ሸፍኑት። ከዚያ ነገም እንደዚሁ፣ ከነገ ወዲያም፣ እስከ 12 ሳምንት ድረስ። አሰልቺ ነው፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ትቶት «አይሠራም» የሚለውም ለዚህ ነው። ካቃጠለ ወይም ከቆሰለ ጥቂት ቀን አሳርፉትና ቀጥሉ። መጥፋቱ የሚታወቀው የቆዳው መስመሮች ሲመለሱ ነው፤ ጉብታው ስለወረደ ብቻ አታቁሙ።

ኪንታሮቱን ዳክት ቴፕ በሚባለው ወፍራም ብርማ ፕላስተር መሸፈን የሚባልም ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ትንሽ ጥናት በዚህ ዘዴ ከታከሙት 85 በመቶው፣ ሐኪም ቤት በማቀዝቀዝ ከታከሙት ደግሞ 60 በመቶው እንደዳኑ አግኝቶ ስለነበር ወሬው በየቦታው ተዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 የወጡት ሁለት ጥናቶች ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ መሞከር የፈለገ ይሞክር፣ እኔ ግን ብዙ አልጠብቅበትም።

አቼቶ፣ ነጭ ሽንኩርትና የዕፅዋት ወተት ሌላ ጉዳይ ናቸው። ተፈጥሯዊ ናቸው ማለት አያቃጥሉም ማለት አይደለም። አቼቶ አሲድ ነው፣ ግን መጠኑ ለዚህ የተመጠነ አይደለም፤ ነጭ ሽንኩርትም ቆዳ ላይ ታስሮ ሲያድር ውሃ ያስቋጥራል። የዕፅዋት ወተት ዓይን ከነካ ደግሞ ጉዳቱ ከኪንታሮቱ እጅግ የከፋ ነው።

በቤት እምቢ ካለ ሐኪም ጋ ብዙውን ጊዜ በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዘቅዙታል፣ ያ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። ያማል፣ ውሃ ሊቋጥር ይችላል፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። በአንድ ጊዜ የሚያልቅም አይደለም፣ በየ2 እና 3 ሳምንቱ ይደጋገማል።

ቤት ውስጥ የማይነካም አለ። ፊት ላይ ያለውን ተዉት። ብልት አካባቢ ያለውን ጭራሽ አትንኩት፣ ሕክምናው የተለየ ነው። ስኳር ያለበት፣ የእግሩ ስሜት የቀነሰ ወይም የሰውነቱ መከላከያ የደከመ ሰውም አሲድ ከመቀባቱ በፊት ይታይ፤ ትንሽ ቁስል ሳይታወቅ ትልቅ ሊሆን ይችላል። በዕድሜ ገፋ ካሉ በኋላ በድንገት የወጣ፣ የሚደማ፣ ቀለሙን የሚቀይር ወይም ቶሎ ቶሎ የሚያድግ ነገር ደግሞ ኪንታሮት ላይሆን ይችላል። የቆዳ ካንሰር አንዳንዴ ኪንታሮት መስሎ ስለሚወጣ፣ እንዲህ ያለውን ምንም ሳትቀቡበት በፊት አሳዩት።