የታሰረ ፎስፈረስን ለሰብል ማድረስ፦ ፍግ፣ ኮምፖስትና ሕያው ማዳበሪያ

ፎስፈረስ ሲያጥር ሰብል ይቀጭጫል፣ የታችኛው ቅጠል ሐምራዊ መልክ ይይዛል፣ ምርቱም ዘግይቶ ይደርሳል። በብዙ ማሳ ግን ፎስፈረስ ሞልቶ ተክሉ አያገኘውም። ከተጨመረው ማዳበሪያ የዚያው ወቅት ሰብል የሚወስደው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 25 በመቶ ነው። ቀሪው አሲዳማ አፈር (የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 በታች) ላይ በአሉሚኒየምና በብረት፣ ካልሲየም በበዛበት አፈር ደግሞ በካልሲየም ይያዛል። ከቦታው እምብዛም ስለማይንቀሳቀስም ሥሩ በዙሪያው ያለውን ጥቂት ሚሊሜትር አሟጦ ባዶ መሬት ላይ ይቀራል።

ፍግና ኮምፖስት የሚጠቅሙት በያዙት ፎስፈረስ ብቻ አይደለም። ሲበሰብሱ የሚወጡት አሲዶች የብረቱንና የአሉሚኒየሙን መያዣ ቦታ ይሻማሉ፤ ፎስፈረሱም ለሥሩ ይተርፋል። ወሳኙ ነገር የካርቦንና የፎስፈረስ ምጣኔ ነው። ከ200 ለ1 በታች ከሆነ ፎስፈረስ ይለቀቃል። ከ300 ለ1 ሲበልጥ ግን አብላዮቹ ተህዋሲያን ራሳቸው ከአፈሩ ስለሚወስዱ ሰብሉ ለሳምንታት ይራባል። ስለዚህ ካርቦን የሚበዛበት ጭድ ብቻውን በዘር ሰሞን አይቀበር፤ ከፍግ ጋር ተከምሮ ይብላላ። ክምሩ ከ50 እስከ 60 በመቶ እርጥበት ይኑረው፦ እፍኝ ሙሉ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ በቂ ነው፣ ውኃው ከፈሰሰ አየር አጥቶ ይሸታል። ሙቀቱ 55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ የአረም ዘር ይሞታል።

ሕያው ማዳበሪያዎች፣ ማለትም ለሰብል የሚጠቅሙ ሕያው ተህዋሲያንን የያዙ ማዳበሪያዎች፣ በሁለት መንገድ ይሠራሉ። ባሲለስና ሱዶሞናስ የተባሉት ባክቴሪያዎች፣ እንዲሁም አስፐርጂለስን የመሰሉ ፈንገሶች፣ እንደ ግሉኮኒክና ሲትሪክ ያሉ አሲዶችን አመንጭተው የታሰረውን ያሟማሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚመረጡት ካልሲየም ፎስፌት (ከካልሲየም ጋር የታሰረ ፎስፈረስ) በያዘ ሳህን ላይ ውህዱን አሟምተው በዙሪያቸው ጥርት ያለ ቀለበት ስለሠሩ ነው። አሲዳማ ማሳ ላይ የሚገጥማቸው ግን ከብረት ጋር የተቆራኘው ፎስፈረስ ነው፤ ሳህን ላይ የበረታ ሁሉ ማሳ ላይ አይበረታም። ማይኮራይዛ (ከተክል ሥር ጋር ተጣምሮ የሚኖር ፈንገስ) ደግሞ የሥርን ተደራሽነት በቀጫጭን ክሮቹ በርካታ ሴንቲሜትር ያራዝማል። ፎስፈረስ በበዛበት አፈር አይስፋፋም፣ ተደጋጋሚ እርሻ ክሮቹን ይበጣጥሳል፣ ከጎመን ዘርና ከቀይ ሥር ጋርም አይላመድም።

አብዛኛው ውድቀት ከአያያዝ ይመጣል። ባክቴሪያው ጥላ ሥር ከዘሩ ጋር ይታሽ፣ በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ላይ ይዘራ። ፀሐይ ከመታው ወይም ፀረ ፈንገስ ወይም ፀረ ባክቴሪያ ኬሚካል ከተቀባ ዘር ጋር ከተቀላቀለ ሊሞት ይችላል። ማይኮራይዛ ሥሩን መንካት ስላለበት ከዘሩ ሥር ወይም ከችግኙ ጉድጓድ ይግባ። አፈሩ በጣም አሲዳማ ከሆነ ኖራ ይቅደም፤ አለዚያ ተህዋሲያኑም ሥሩም ይቸገራሉ።

የፍግ መጠን በናይትሮጅን ፍላጎት ብቻ ከተሰላ ፎስፈረስ ከዓመት ዓመት ይከማቻል፣ በጎርፍ ተጠርጎም ወንዝና ሐይቅ ውስጥ አልጌ ያስፋፋል። መጠኑ በአፈር ምርመራ ተመርቶ በፎስፈረስ ፍላጎት ይሰላ፤ የሚጎድለው ናይትሮጅን በጥራጥሬ ፈረቃ ወይም በዩሪያ ይሟላ።