«በሕግ እኩል ጥበቃ» ምንድን ነው?

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ ውስጥ አንዲት አጭር ሐረግ አለች። የትኛውም ግዛት በሥሩ ላለ ለማንኛውም ሰው በሕግ እኩል ጥበቃን ሊነፍግ አይችልም ትላለች። የጻፋት ጆን ቢንግሃም ነው። ኦሃዮ ውስጥ ካዲዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ጥብቅና ይሠራ የነበረ የባርነት ተቃዋሚ ነው። በ1854 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠ። ሊንከንን በመግደል ሴራ የተከሰሱት ሲዳኙም ከከሳሾቹ ጎን ቆሟል።

ሐረጓ ለምን አስፈለገች? የመናገርና የማምለክ ነጻነት ያኔም በሕገ መንግሥቱ ሰፍሮ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1833 እነዚህ መብቶች የሚያስሩት የፌዴራሉን መንግሥት እንጂ ግዛቶችን አይደለም ብሎ ወሰነ። የምትኖርበት ግዛት ቢበድልህ፣ ዋሽንግተን ሄደህ ሕገ መንግሥቱን ብትጠቅስ ሰሚ የለህም ማለት ነው። ባርነት በ1865 ሲቀር ጉዱ ፈላ። የደቡብ ግዛቶች ጥቁሮችን የሚያስር ሕግ ማውጣት ጀመሩ። ሚሲሲፒ ውስጥ ሥራ የሌለው ጥቁር በቦዘኔነት ይቀጣል። መቀጮውን መክፈል ካልቻለ ለሚከፍልለት ሰው በጉልበቱ እንዲያገለግል ይሰጣል። ባርነት ስሙን ቀይሮ መጣ።

ቢንግሃም በ1866 መጀመሪያ ያቀረበው ረቂቅ አላለፈም። ለኮንግረሱ የሚሰጠው ሥልጣን በዛ ተባለ። እሱም አጻጻፉን ገለበጠው፤ ኮንግረሱ ይህን ያደርጋል ማለቱን ትቶ ግዛት ይህን አያደርግም አለ። ማሻሻያው በ1868 ጸደቀ። በነገራችን ላይ፣ አሜሪካ ልጅ የወለዱ ወገኖቻችን በደንብ የሚያውቁት «እዚህ የተወለደ ዜጋ ነው» የሚለው ክፍል የእሱ አይደለም፤ ሴኔቱ ውስጥ የተጨመረ ነው።

ጥበቃው ዜጋ ላልሆነም ይሠራል። ሳን ፍራንሲስኮ በእንጨት ቤት ላውንደሪ ለመክፈት ፈቃድ ያስፈልጋል ብላ ደነገገች። ሕጉ ቻይናዊ የሚል ቃል የለበትም። ነገር ግን 200 ያህል ቻይናውያን አመልክተው ተከለከሉ፤ ቻይናዊ ካልሆኑት 80 ያህሉ ከአንድ ሰው በቀር ተፈቀደላቸው። በ1886 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ አድልዎ ነው ሲል ፈረደ። ግሪን ካርድ ይዞ የሚኖር ሐበሻም ዛሬ በዚችው ሐረግ ይከራከራል።

ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭን በባቡር ፉርጎ መለየት «እኩል እስከሆነ ድረስ» ይቻላል አለ። ለእኔ ይህ ዓይን ያወጣ ክህደት ነው። ቢንግሃም በ1900 ሲሞት ሕጉ እንዲህ ነበር። የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተማሪን በዘር መለየታቸው ሐረጓን ይጥሳል ተብሎ የተፈረደው በ1954 ነው፤ ያኔ ዘጠኙም ዳኞች ተስማሙ።