ኤፕሩቬት ምንድን ነው? የባሩድን ጉልበት የሚመዝነው አዳፍኔ

ኤፕሩቬት የባሩድ መፈተኛ መሣሪያ ነው፤ ስሙም በፈረንሳይኛ «መፈተን» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። የታወቀው ዓይነቱ አጭርና አፈ ሰፊ አዳፍኔ ነው። ቅርጹን ለመገመት አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመውን የሴባስቶፖል አምሳያ በጣም አሳንሶ ማሰብ ይበቃል።

ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው። ሁለት በርሜል ባሩድ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ሁለቱም ከሰል፣ ዲንና ናይትሬት የሚባል ጨው አለባቸው። የአንዱ ጉልበት ግን ከሌላው በእጅጉ ሊያንስ ይችላል። ናይትሬቱ ሌላ ጨው ተደባልቆበት ከሆነ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ቅንጣቱ በመንገድ መናወጥ ከደቀቀም አነዳዱ ይለወጣል። መድፈኛው ደግሞ ርቀት የሚያሰላው ባሩዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ነው። የድሮ ሰዎች በጣት አሽተው፣ በምላስ ቀምሰው፣ ጥቂቱን በነጭ ወረቀት ላይ አንድደው የቀረውን እድፍ አይተው ይፈርዱ ነበር። ይህ መጥፎውን ከደህናው ይለያል፤ ከሁለት ደህናዎች የትኛው በስንት እጅ እንደሚበልጥ ግን አይናገርም።

በቁጥር ለመለካት ከተሞከሩት ቀደምት መሣሪያዎች አንዱን እንግሊዛዊው ዊልያም ቦርን በ1578 ገልጾታል። ትንሽ የብረት ሲሊንደር ነው፤ ክዳኑ በባሩዱ ግፊት ተነሥቶ በጥርስ ላይ ተይዞ ይቀራል፤ የከፍታው ልክ ይነበባል። በኋላ በሽጉጥ መልክ፣ በሞላና በጥርሳም ጎማ የሚሠራው ተስፋፋ። ለነጋዴና ለአዳኝ ምቹ ነበር፤ እንከኑ ግን አንዱ መሣሪያ የሚያነበውን ሌላው አለማንበቡ ነው። የአንዱ ሞላ ጠንካራ፣ የሌላው ለስላሳ ነው፤ ዝገትና ቅባት ሲጨመርበት ቁጥሩ የባሩዱ ይሁን የሞላው መለየት ያስቸግራል።

በ1686 የፈረንሳይ መንግሥት ያወጣው ደንብ ሞላውን አስወግዶ ዳኝነቱን ለመሬት ስበት ሰጠው። አፉ ሰባት የፈረንሳይ ኢንች የሆነ፣ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ በ45 ዲግሪ የተተከለ አዳፍኔ፤ 3 አውንስ ወይም 92 ግራም ገደማ ባሩድ፤ 60 ሊቭር፣ ማለትም 29 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የነሐስ አረር። ባሩዱ ተቀባይነት እንዲያገኝ አረሩን ቢያንስ 50 ቱዋዝ፣ 97 ሜትር ያህል መወርወር ነበረበት። በ19ኛው መቶ ዘመን መለኪያው 225 ሜትር ደርሷል።

አንድ እፍኝ ባሩድ ለ29 ኪሎ አረር? ነገሩ ሞኝነት ይመስላል፤ የመሣሪያው ብልሃት ግን እዚህ ላይ ነው። አረሩ ከባድ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ 225 ሜትር ለመድረስ ሲነሣ የሚያስፈልገው ፍጥነት በሰከንድ 47 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት አየሩ ብዙም አይገታውም። አየር ካልገታው ደግሞ በ45 ዲግሪ የተወረወረ ነገር የሚሄደው ርቀት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር እኩል ያድጋል፤ የእንቅስቃሴ ጉልበትም እንዲሁ። ስለዚህ ርቀቱ እጥፍ ከሆነ አረሩ የተቀበለው ጉልበት እጥፍ ነው፤ ሌላ ስሌት አያሻም። በሜዳ ላይ የተዘረጋ ገመድ የጉልበት መለኪያ ሆነ ማለት ነው።

የሚያሳስቱት ነገሮችም አሉ። ዋናው በአረሩና በአዳፍኔው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ጋዙ በዚያ ያመልጣልና፣ አዳፍኔው በአገልግሎት ብዛት ሲሰፋ ጥሩ ባሩድ ደካማ መስሎ ይታያል። የመለኮሻው ቀዳዳም እየተበላ ሲሰፋ ውጤቱ ያው ነው። መደቡ ከተናጋ ወይም ካዘነበለ 45 ዲግሪው ይፋለሳል፤ ጉልበቱም ከፊሉ መደቡን በመግፋት ይባክናል። ካለፈው ተኩስ የቀረ ጥላሸትም አለ። ስለዚህ አንድ ተኩስ ማስረጃ አይሆንም፤ የብዙ ተኩስ አማካይ ይወሰዳል፣ ጥራቱ ከታወቀ ባሩድ ጋርም ይነጻጸራል።

ከሁሉ የከፋው ግን ፍጹም በሆነ አዳፍኔም የማይቀር ነው። የአዳፍኔው ቱቦ አጭር ስለሆነ አረሩ ቶሎ ይወጣል፤ ፈጥኖ የሚነድ ደቃቅ ባሩድ ይጠቀማል፣ ቀስ ብሎ የሚነድ ትልቅ ቅንጣት ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ አረሩ ይወጣበታል። በረጅም መድፍ ውስጥ ፍርዱ ሊገለበጥ ይችላል። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ በ1742 ያሳተመው የባሊስቲክ ፔንዱለም ጥናት ለዚህ መፍትሔ ከፈተ፤ ጥይቱ የተንጠለጠለ ከባድ እንጨት ይመታል፣ እንጨቱ ከተወዛወዘበት ልክ የጥይቱ ፍጥነት ይሰላል። ቻርልስ ሃተን ደግሞ ትንሽ መድፍ ራሱን አንጠልጥሎ ያለ አረር በመተኮስ ወደ ኋላ የሚወዛወዝበትን ለካ። በ1860ዎቹ ቤልጅጋዊው ለ ቡላንዤ የሠራው የኤሌክትሪክ ክሮኖግራፍ (የአጭር ጊዜ መለኪያ) ፍጥነትን በቀጥታ ሲለካ፣ አዳፍኔው ቀስ በቀስ ወደ ሙዚየም ገባ።

ለርችት ግን አስተሳሰቡ አላረጀም። ርችት የሚወነጨፈው ከአጭር ቱቦ ነው፤ እንደ ኤፕሩቬቱ ከባድ ነገር በጥቂት ባሩድ ይገፋል፤ ስለዚህ ከጠመንጃ ፍጥነት ይልቅ የአዳፍኔው ርቀት ለእርሱ የሚቀርብ መለኪያ ነው። ሥራው ፈቃድ ባላቸው ፋብሪካዎችና መተኮሻ ሜዳዎች የተወሰነ ነው፤ የሙያው ሰዎችም ቢሆኑ ከአደጋ አይድኑም። በ1788 ፓሪስ አቅራቢያ ኤሶን በሚገኘው ፋብሪካ አዲስ ዓይነት ባሩድ ሲሞከር ፈንድቶ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ የመንግሥት ባሩድ ኃላፊ የነበረው ላቯዚዬ የተረፈው በዚያች ቅጽበት ከስፍራው ዞር ብሎ ስለነበር ነው።